ከፊሽካው በፊት ባንዲራውን እዩ

ዳኝነትን ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ፊሽካዬን ካስቀመጥሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ግን ጨዋታ ስመለከት ዓይኔ ኳሷን ትቶ ወደ መስመሩ ይሄዳል። ረዳት ዳኛው ከኋላ ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር እኩል ቆሟል? ዋናው ዳኛስ ቀና ብሎ አይቶታል? ይህ ልማድ የተከለብኝ በአንድ ስህተቴ ነው።

በአንድ ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ግብ ተቆጠረ። ከእኔ እይታ ንጹሕ ግብ ነበር። ፊቴን አዙሬ ወደ መሀል ሜዳ ጠቆምሁ። ግቡ ትክክል ሲሆን ረዳት ዳኛ በመስመሩ ላይ ወደ መሀል ይሮጣል፤ የታየው ጥፋት ካለ ደግሞ ባለበት ቆሞ የዋናውን ዳኛ ዓይን ይጠብቃል። የእኔ ረዳት ቆሞ ነበር። አጥቂው ኳሷን በእጁ ሲያወርዳት አይቷል። እኔ ግን ዞሬ አላየሁትም። ጨዋታው እንደገና ተጀመረ፤ ሕጉም ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ እንዲህ ያለውን ውሳኔ መለወጥ አይፈቅድም።

ከዚያ የባሰውን ያደረግሁት መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። የጨዋታው ገምጋሚ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቀኝ «ረዳቴ አልነገረኝም» አልሁ። ረዳቴ እዚያው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እየፈታ ነበር። አልተከራከረኝም፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

የመጨረሻው ውሳኔ የዋናው ዳኛ ነው ሲባል ብዙ ወጣቶች ሥልጣኑን ብቻ ይሰማሉ። እኔ የምሰማው ኃላፊነቱን ነው። ረዳታችሁ ቢሳሳት እንኳ ምክሩን ተቀብሎ ፊሽካውን የነፋው የእናንተ አፍ ነው። ስለዚህ በአደባባይ ባልደረባችሁን አሳልፋችሁ አትስጡ። እርማቱ በር ተዘግቶ ይነገር፤ ሲነገርም ሳይለሳለስ ይነገር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ የሆኑ ሁለት ነገሮችን ሁልጊዜ አብሬ አነሳቸዋለሁ። ክሮኤሺያና አውስትራሊያ ሽቱትጋርት ላይ ሲጫወቱ እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል ለክሮኤሺያው ተከላካይ ዮሲፕ ሺሙኒች ሁለተኛ ቢጫ ካርድ አሳይቶ ሳያስወጣው ቀረ፤ የወጣው በሦስተኛው ቢጫ ነው። ሁለተኛውን ካርድ በአውስትራሊያው 3 ቁጥር ስም መዝግቦት ነበር። ሰዎች የሚያነሱት የፖልን ስም ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በመስመሩና በተቀያሪ ወንበሩ አጠገብ ከነበሩት ባልደረቦቹ አንድም ሰው አለማስቆሙ ነው። ሁሉም ሌላው ይቆጥራል ብሎ ካመነ የሚቆጥር የለም።

ከ17 ቀን በኋላ በርሊን ላይ በፍጻሜው የፈረንሳዩ ዚነዲን ዚዳን ኳስ በሌለበት የጣሊያኑን ማርኮ ማቴራትሲን በጭንቅላቱ ደረቱን መታው። ዋናው ዳኛ ኦራሲዮ ኤሊሶንዶ ድርጊቱን አላየም። ሁለቱን ረዳቶቹን ጠየቀ፤ እነሱም አላዩም። ያየው በተቀያሪ ወንበሩ አጠገብ የሚቆመው አራተኛው ዳኛ ሉዊስ መዲና ካንታሌሆ ነበር፤ በጆሮ ማዳመጫው ነገረው። ኤሊሶንዶ በዓለም ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ በዓይኑ ላላየው ጥፋት፣ ለታላቁ ተጫዋች ቀይ ካርድ መዘዘ። የባልደረባን ዓይን እንደ ራስ ዓይን ማመን ማለት ይህ ነው። ረዳቶቹም «አላየንም» ማለታቸው አይናቅ፤ ያላዩትን ገምተው ቢናገሩ ኖሮ ኤሊሶንዶ ማንን ያምን ነበር?

እንዲህ ያለ መተማመን በጨዋታው መሀል አይፈጠርም። ከጨዋታው በፊት ተቀምጣችሁ በዝርዝር ተነጋገሩ። በቅጣት ክልሉ ጠርዝ ላይ ለሚፈጸም ጥፋት ውስጥ ወይስ ውጪ መሆኑን ማን ያሳያል? ዋናው ዳኛ ካርድ ሲያወጣ ቁጥሩን ማን ማን ይጽፋል? ረዳቶች ሆይ፣ ዋናው ዳኛ አጠገቡ ሆኖ ለሚያየው ጥፋት ባንዲራ አታንሡ፤ እሱ ያላየውን እርግጠኛ ሆናችሁ ካያችሁ ግን አንሡ፣ እስኪያያችሁም አታውርዱ። ሜዳው ሁሉ ቢጮህባችሁም።

በቪዲዮ የታገዘ ዳኝነት እ.ኤ.አ. በ2018 በጨዋታው ሕግ ውስጥ ገብቷል። መልካም ነገር ነው። ግን በዋናነት ግብን፣ ፍጹም ቅጣት ምትን፣ ቀይ ካርድንና የተጫዋች ማንነት ስህተትን ይመለከታል እንጂ ሁሉንም ውሳኔ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትመሯቸው ጨዋታዎች ደግሞ አብዛኞቹ ካሜራ የላቸውም። ያላችሁ እርስ በርሳችሁ ነው።

ያንን ረዳቴን እንደገና አብረን በተመደብንበት ቀን ይቅርታ ጠየቅሁት። «ግድ የለም» አላለኝም፤ ባለማለቱም አከብረዋለሁ። «ከእንግዲህ ግብ ሲቆጠር መጀመሪያ እኔን እየኝ» አለኝ። በዚያ ጨዋታ ብቸኛው ግብ የተቆጠረው በእሱ በኩል ነበር። ተጫዋቾቹ እየጮኹ ሲከቡኝ ከትከሻቸው በላይ ወደ መስመሩ አየሁ። ባንዲራውን ወደ ታች ይዞ ወደ መሀል እየሮጠ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄን ወደ መሀል ሜዳ ዘረጋሁ።