ጣት ከመቀሰር በፊት 15 ሰከንድ ወደ ኋላ

ለአፄዎቹ፣ ለጎንደሩ ፋሲል ከነማ፣ ወጣት ደጋፊዎች፣

ጎል ሲገባብን መጀመሪያ የሚሰደበው ማን እንደሆነ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለ ዲኤስቲቪ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ኳሱ መረብ ሲነካ ቅርብ የነበረው ሰው ነው፤ ወይ በረኛው፣ ወይ አጥቂው ያመለጠው የመሃል ተከላካይ። «ይሄ ልጅ ይቀመጥልን!» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። በሳምንቱ ልጁ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው በቦታው ቆሞ፣ ያው ጎል ይደገማል። ያን ጊዜ ደግሞ ስድቡ ወደ አዲሱ ይዞራል።

አብዛኛው ጎል የሚበስለው ግን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኳሱ ገና በእኛ ልጆች እግር ሳለ። ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ልማድ ነው። ጎል በገባ ቁጥር ከመጮኻችሁ በፊት ሦስት ቅብብል ወደ ኋላ ተመለሱና «ኳሱን ስናጣ ማን የት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንዱን ጎል ቀረብ ብለን እንየው። ቡድናችን በ4-3-3 (አራት ተከላካይ፣ ሦስት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) እያጠቃ ነው እንበል። ግራ መስመር ተከላካዩ ወጥቷል፤ ቀኙም አላስቻለውም፣ ወጥቷል። ኋላ የቀሩት ሁለቱ የመሃል ተከላካዮችና አንድ ተከላካይ አማካይ ናቸው። የሜዳው ወርድ 68 ሜትር ከሆነ ሦስቱ ሰዎች ለየራሳቸው 23 ሜትር ገደማ ሊሸፍኑ ነው፤ ማንም አይሸፍነውም። በዚህ መሃል አንዱ አማካይ ፊቱን ወደራሳችን ግብ እንዳዞረ፣ መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ይነጠቃል። ተጋጣሚ አንድ ጊዜ ነክቶ ከቀኝ መስመር ተከላካያችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ይልከዋል። የቀኙ የመሃል ተከላካይ ምርጫ የለውምና ወደ መስመር ይወጣል። ጓደኛው የእሱን ቦታ ሊሸፍን ይሳባል። ተከላካይ አማካዩ በሁለቱ መካከል ወርዶ መቆም ሲገባው ኳሱን አይቶ ተከትሏል። ተሻጋሪው ኳስ ሲመጣ የሩቁ ቋሚ ጋ ያለው አጥቂ ከግቡ 8 ሜትር ላይ ብቻውን ነው። በጭንቅላት ገጨው፣ ገባ።

ቡና ቤቱ የግራውን የመሃል ተከላካይ «ተኝቷል» ይለዋል። እሱ ግን ከሁለት አደጋ የባሰውን ሊዘጋ የሄደ ሰው ነው። ጥያቄው ሌላ ጋ ነው፤ ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ለምን አብረው ወጡ? የተለመደው ሥርዓት አንዱ ሲወጣ ሌላው መቅረት ነው። ሁለቱም ይውጡ ከተባለም ተከላካይ አማካዩ በመሃል ተከላካዮቹ መካከል ወርዶ ኋላ ላይ ሦስት ሰው ይቆማል። ሁለተኛው ጥያቄ ኳሱ የጠፋበት ቦታ ነው። መስመር ዳር የጠፋ ኳስ ጉዳቱ ይቀላል፤ የጎን መስመሩ ራሱ እንደ አንድ ተከላካይ ያግዛል። መሃል ላይ፣ ጀርባ ሰጥቶ የጠፋ ኳስ ግን ለተጋጣሚ ግራም ቀኝም ፊትም ክፍት በር ነው።

የሰው ስህተትና የዕቅድ ስህተት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ጨዋታ አንዴ ከተፈጠረ አንዱ ተጫዋች ተዘናግቷል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከተደገመ አሠልጣኙ ያዘዘው ወይም ያላረመው ነገር ነው። 85ኛው ደቂቃ ላይ 1 ለ 0 እየተመራን ሁለቱም ቢወጡ ደግሞ ስህተት ሳይሆን ቁማር ነውና ቁማሩን በውጤቱ ብቻ አትፍረዱት።

እኛ አሠልጣኞችም ብንሆን ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ማየት ይቸግረናል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ በመካሄዱ የጎንደር ደጋፊ ቡድኑን በአብዛኛው የሚያየው በስክሪን ነው። ካሜራው ደግሞ የኳስ ባሪያ ነው። ከ22ቱ ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ግማሹን ያህል ብቻ ያሳያችኋል። የወጣው የመስመር ተከላካይ ከምስሉ ውጪ ስለሆነ ጥፋቱ አይታይም፤ የሚታየው መጨረሻ ላይ የደረሰው ምስኪን ነው። ለዚህ ሦስት ብልሃት አለ። በረኛው ኳስ ሲይዝ ምስሉ ሰፋ ይላልና ያን ጊዜ ኳሱን ትታችሁ አራቱን ተከላካዮች ቁጠሩ። ድጋሚ ምስል ሲመጣ የመጀመሪያውን ጊዜ ኳሱን አትዩት፤ ኳስ የሌላቸውን ሰዎች እዩ። ሦስተኛው መለካት ነው። የመሃል ሜዳዋ ክብ ከዳር እስከ ዳር 18.3 ሜትር ናት። ሁለት ክብ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ 36 ሜትር ተኩል ይሆናል። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከሁለት ክብ ከበለጠ ቡድኑ ተለጥጧል። በደንብ የተሰበሰበ ቡድን ከ30 እስከ 35 ሜትር ውስጥ ይገኛል። 50 ከደረሰ አማካዮቹ ኳስ መጫወታቸውን ትተው ሯጭ ሆነዋል ማለት ነው፤ «አማካያችን ዛሬ የለም» የምትሉትም ያን ቀን ነው።

ፋሲለደስ ስታዲየም የመግባት ዕድል ስታገኙ ከግብ ጀርባ አትቀመጡ። ከግብ ጀርባ ስፋት እንጂ በመስመሮች መካከል ያለው ርቀት አይታይም። በጎን በኩል፣ ወደ መሃል፣ በተቻለ መጠን ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ጭብጨባው እዚያ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን ጨዋታው ይታያል። ለመጨፈርም ለመመርመርም አንድ ወንበር አይሆንም፤ የትኛውን እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ወስኑ።

ስለ ከፍታ ብዙ ወሬ አለና አንድ ሁለት ነገር ልበል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ኳሱን አይዘውም፤ በአንድ ዓይነት ምት ኳሱ ረዝሞ ይሄዳል፣ ሲታጠፍም ያንሳል። እዚህ የለመደ በረኛ ድሬዳዋ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወርዶ ያንኑ ረጅም ኳስ ሲመታ ከለመደው አጥሮ ይወድቅበታል፤ አጥቂው ደግሞ ኳሱን አልፎ ሮጦ ይገኛል። ይህንን ደጋፊው «አይግባቡም» ብሎ ይተረጉመዋል። በመጀመሪያው 20 ደቂቃ ረጅም ኳሶቹ የት እንደሚወድቁ ቁጠሩ። ከአጥቂው ኋላ እየወደቁ ከቀጠሉ ልጆቹ ለአየሩ ገና አልተስተካከሉም። ሳንባው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አይቸገርም፤ ፈተናው ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ በአማካይና በተከላካይ መካከል ያለውን ርቀት ይከፍተዋል።

በ2011 ክረምት ዳሬሰላም ላይ፣ ባሕር ጠለል ላይ ማለት ነው፣ በታንዛኒያው አዛም 3 ለ 1 ተሸንፈን ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ስንወጣ ሁሉንም በአየሩ ያሳበቡ ነበሩ። አየር ጎል አያገባም። የአየሩን ለውጥ ያላሰበ ዕቅድ ግን ሊያስገባ ይችላል።

በደርሶ መልስ ጨዋታ ሒሳቡም ይለያል። በ2014 መስከረም ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር እንደ ሜዳችን በያዝነው ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያይተን፣ ሳንሸነፍ ወጣን። ድምር ውጤቱ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ሚዛን ስለሚደፋ በሜዳችን የገቡብን ሁለት ጎሎች ከሁሉም ከበዱ። እንዲህ ባለ ውድድር በሜዳህ 1 ለ 0 ከ3 ለ 2 ይሻላል። ደጋፊው «አጥቁ! አጥቁ!» ሲል አሠልጣኙ አንዱን የመስመር ተከላካይ ኋላ ካስቀረው ፈሪ ስለሆነ አይደለም።

አሁን ወደ ቆሙ ኳሶች። እውነቱን ለመናገር የእኛ ደጋፊ በማዕዘን ምት ጊዜ ስልኩን ያያል፤ እኔ ደግሞ ከጨዋታው ሁሉ አተኩሬ የማየው ይህንን ነው። የማዕዘን ምት ስንከላከል አራት ነገር ቁጠሩ። ቅርቡ ቋሚ ጋ ሰው አለ ወይ? ከግቡ ፊት ቦታ ይዘው የቆሙት ስንት ናቸው? ሰው በሰው የያዙትስ? በ16 ከ50 (በቅጣት ክልሉ) መስመር ጠርዝ ላይ የተመለሰውን ኳስ የሚጠብቅ አለ? ብዙ ቡድን የመጀመሪያውን ኳስ በጭንቅላት ያወጣና ሁለተኛውን ያጣዋል። ኳሱ ጠርዙ ላይ ያርፋል፣ ማንም የለም፣ ተጋጣሚ ይመታል፣ በእግሮች መካከል አልፎ ይገባል። በረኛው አላየውም፤ ፊቱ ዘጠኝ ሰው ቆሞ እንዴት ይየው? ስድቡ ግን ለእሱ ነው።

ስናጠቃ ደግሞ ሁለት ሰው መሃል ሜዳ፣ አንድ ሰው ጠርዙ ላይ መቅረት አለበት። ተጋጣሚ ሁለት ፈጣን ልጆች ፊት ላይ ከተወ ኋላ የሚቀሩት ሦስት መሆን አለባቸው፤ ሁልጊዜ በአንድ መብለጥ ነው ሕጉ። እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር አትናቁ። በ2011 የሊጉ ዋንጫ በመጨረሻው ቀን በ1 ነጥብ ልዩነት ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዷል። 1 ነጥብ ማለት በወቅቱ ሰው ያልቆመበት አንድ የማዕዘን ምት ነው።

አጥቂን በጎል ብቻ መመዘን ሌላው በሽታችን ነው። ዋንጫ ባነሳንበት በ2013 የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ዋንጫው ግን በሥዩም ከበደ ለሚሠለጥነው ቡድናችን ሆነ። ለእኛ ሙጂብ ቃሲም ያገባ ነበር፤ ግን ከኋላ ያሬድ ባዬ፣ ከመሃል ሱራፌል ዳኛቸው፣ ከመስመር ሽመክት ጉግሳ ነበሩ። አጥቂ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚቆጠረው 16 ከ50 ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ እንደደረሰው ነው። በ90 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው አቀባዩ ጋ ነው። ሰባት ስምንት ጊዜ ደርሶት አንድም ወደ ግብ ካላቀና፣ ያን ጊዜ ስለ አጥቂው እናውራ። ሮጦ የመሃል ተከላካይ ይዞ በመውጣት ለአማካዩ ቦታ የከፈተውንም ቁጠሩለት። ያ በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም።

«ቀይር! ምን ትጠብቃለህ?» ለሚለው ጩኸት አንድ ቃል ብቻ። ቅያሪው አምስት ቢሆንም ጨዋታ ማቆም የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ነው፤ የዕረፍት ሰዓት አይቆጠርም። እስከ 65ኛው ደቂቃ ሁለቱን የተጠቀመ አሠልጣኝ ሦስተኛውን ለጉዳት ይዞ መጠበቁ የግድ ነው። ሁለት ሦስት ሰው በአንዴ የሚያስገባውም ለዚሁ ነው።

ደብተር ያዙ። ብዙ አይፈልግም፤ ለአንድ ጨዋታ አንድ ገጽ። ሜዳውን በርዝመቱ ለሦስት፣ በወርዱ ለሦስት ከፍላችሁ ዘጠኝ ሳጥን ሥሩ። ኳስ ባጣን ቁጥር በጠፋበት ሳጥን ውስጥ ነጥብ አድርጉ። በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግባችን ሙከራ ካስከተለ ነጥቧን ክበቧት። በየ15 ደቂቃው የብዕር ቀለም ቀይሩ፤ ድካም መቼ እንደሚጀምር ቀለሙ ይነግራችኋል። ሁሉንም ቅብብል ለመጻፍ አትሞክሩ፣ በ20ኛው ደቂቃ ትሰለቹና ትተዉታላችሁ። አንድ ጨዋታ ምንም አይናገርም። አምስት ጨዋታ ስትደርሱ ግን የተከበቡት ነጥቦች አንድ ሳጥን ውስጥ ተሰብስበው ካገኛችኋቸው ጃንተከል ዋርካ ሥር ከሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚበልጥ ነገር ይዛችኋል።

ፌስቡክ ላይ የተጫዋችን እናት ወይም የመጣበትን አካባቢ የምትሰድቡ ካላችሁ፣ ያ ሰድቦ ለሰዳቢ መስጠት ነው። ስለ ኳስ ምንም አላላችሁም።

በሚቀጥለው ጨዋታ ከአንድ ነገር ጀምሩ፤ ከመጀመሪያው የመልስ ምት። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራስ ቡድን ተጫዋች ኳሱን እዚያው 16 ከ50 ውስጥ መቀበል ይችላል። በረኛችን ሊጀምር ሲል የመሃል ተከላካዮቹ ከጎኑ ቆመዋል? ተጋጣሚ በስንት ሰው መጣ? በሁለት ከመጣ በረኛው ሲጨመር እኛ ሦስት ነንና አንድ ሰው ነፃ ነው። በሦስት ከመጣ ነፃው ሰው አንዱ የመስመር ተከላካይ ነው፤ ኳሱ በአየር ወደ እሱ መሄድ አለበት። በአራት ወይም በአምስት ከመጡ ከኋላቸው ሰፊ ቦታ ትተዋልና ረጅሙ ኳስ ተገቢ ነው፤ «ዝም ብሎ ይለጋል» አትበሉት። በሁለት መጥተውም በረኛው ከለጋው ግን ደብተራችሁ ላይ ደቂቃውን ጻፉ።