ይበል ሕዝብ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ያህል እሁድ ጠዋትን ያሳለፍኩት ከጉባኤው ጀርባ፣ ሚክሰር (የማይኩንና የመሣሪያውን ድምፅ የሚያመጣጥነው ማሽን) ፊት ተቀምጬ ነው። ሙያዬ የድምፅ ሥራ ነው፤ በአዘቦት ቀን ስቱዲዮ፣ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ሰባኪ አይደለሁም፣ ዘማሪም አይደለሁም። ስለ ዝማሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት፣ እኔ ከምቀመጥበት ቦታ የሚሰማው ነገር መድረክ ላይ ላላችሁት ስለማይሰማ ነው።

አንድ እሁድ መብራት ጠፋ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ስድስት ማይክ፣ ሁሉም ተከፍቷል። ሰው እጁን አንሥቷል፣ ያጨበጭባል፤ ከኋላ ሆኖ ለሚያየው ሕዝቡ በሙሉ እየዘመረ ነው። መብራቱ ሲሄድ ስፒከሮቹ ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው ጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ድራመኛው ሁለት ሦስት ጊዜ መታና እሱም ተወ። ከወዲያ ጥግ ጥቂት ሴቶች አዝማቹን አንድ ጊዜ ካሉ በኋላ ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያውቁ አፍረው አቆሙ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሁለት ደቂቃ ያህል ተፋጠን ቆምን። ሲበራ «ሃሌ ሉያ!» ተባለና ካቆምንበት ቀጠልን።

ሌላው ሰው ያንን ሁለት ደቂቃ የሚያስታውሰው አይመስለኝም። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ያ ሕዝብ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር እንጂ አይዘምርም ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም፤ ድምፁን የሸፈንኩት ራሴ ነኝና። ዘማሪው «ትንሽ ጨምርልኝ» ሲለኝ እጨምራለሁ፤ ጊታሪስቱ «አልሰማሁም» ሲል ለእሱም እጨምራለሁ። አንድም ቀን «ሕዝቡን አልሰማሁትም» ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ያቺ እሁድ ለምን እንዲህ እንደጎዳችኝ እንድትረዱ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ሃያ ዓመት ገደማ ነበርኩ። በየክፍለ ሀገሩም የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አጥቢያዎች ብዙዎቹ ታሽገዋል። እኛ አሥር አሥራ ሁለት ሆነን በአንዲት እናት ቤት እንሰበሰብ ነበር። አብረን አንገባም፤ አንዱ ከገባ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላው ይከተላል። ቡና ይፈላል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ ቡና ጠሪና ቡና ጠጪ ነን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል። የመዝሙር ደብተር የሚባል ነገር የለም፤ ቢገኝብን ማስረጃ ነውና ሁሉም በቃል ነበር።

የምንዘምረው ከሹክሹክታ ከፍ፣ ከንግግር ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሞክሩት፤ በጣም ከባድ ነው። ድምፅ በዚያ ልክ ሲያንስ ዜማው ቶሎ ይወድቃል። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲተነፍስ አብራችሁ ካልተነፈሳችሁ ሁሉም ለየብቻው ይቀራል። የቤቱ እመቤት እማማ ጭብጨባ ስለማይቻል በመሃል ጣታቸው የረከቦቱን ጠርዝ ነካ ነካ እያደረጉ ምት ይይዙልን ነበር። ስኒዎቹ ሲርገበገቡ የሚሰማው ያ ትንሽ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዚያች ክፍል ውስጥ አድማጭ የሚባል ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ቢተው ይታወቃል፤ የሚጎድለው ድምፅ ከአሥሩ አንዱ ነውና። አንድ ወንድማችን ታስሮ የቀረ ሳምንት ጉድለቱን መጀመሪያ ያወቅነው በዝማሬው ነበር፤ የታችኛውን ድምፅ የሚይዝልን እሱ ነበር።

በኋላ ሳነብ፣ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ስለ ሚላኖ ምእመናን የጻፈውን አገኘሁ። በ386 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ እናት ጳጳሱን አምብሮስን ስታሳድድ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሌሊት ሲጠብቅ በሐዘን እንዳይዝል ብሎ መዝሙር መዘመር ጀመረ ይላል። የዛለ ሰው ሌላው ሲዘምርለት መስማቱ ብቻ አይበቃውም፤ ራሱ አፉን መክፈት አለበት። እማማ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው።

ግንቦት 1983 መጣ፤ በሩ ተከፈተ። ወደ አደባባይ ስንወጣ በሙሉ ድምፃችን ጮኸን ዘመርን፣ እልልታው፣ ከበሮው፣ ለቅሶው አንድ ላይ። ከዚያ ስፒከር ተገዛ። ከዚያ ትልልቅ ስፒከር ተገዛ። የገዛሁት እኔ ነኝ፣ በደስታ ነው የገዛሁት።

ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዝማሬ ሲናገር ትእዛዙን ለሕዝቡ ነው የሚሰጠው። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ» ሲል የጻፈው ለአንድ ኳየር አይደለም። እርስ በርሳችሁ ነው ያለው። ወደ ላይ ወደ እግዚአብሔር የሚሄደው ያው ቃል አጠገባችሁ ላለውም ሰው ይደርሳል ማለት ነው፤ ትናንት ሥራ ያጣው፣ ዛሬ ማመን ያቃተው ሰው በጎረቤቱ አፍ ይሰማዋል። መዝሙር 136ን (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 135 ነው) ተመልከቱ፤ 26 ቁጥር አለው፣ በ26ቱም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ብቻውን ለሚያነብ ሰው ድግግሞሹ ይሰለቻል። አንድ አውራጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሲል ሕዝቡ ሌላውን ግማሽ እንዲቀበል ተብሎ እንደተሠራ ሲገባችሁ ግን ያለ ሕዝቡ ግማሽ መዝሙር መሆኑን ታያላችሁ። በ112 እ.ኤ.አ. ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮም ገዥ ክርስቲያኖችን መርምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ሲጽፍ፣ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ መዝሙር እየተቀባበሉ ይላሉ ብሏል። ከውጭ ሆኖ ያያቸው ሰው እንኳ መቀባበላቸውን አስተውሏል።

እኔ ይህን ቀድሜ የተማርኩት ከአያቴ ነው። አያቴ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነበሩ፣ በዚያው እምነታቸው አረፉ። ልጅ ሳለሁ ቅዳሴ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፣ ግእዝ አያውቁም፤ ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ምስለ መንፈስከ» ብለው ይመልሳሉ። የቅዳሴ መጽሐፉን ገልጣችሁ ብታዩ እያንዳንዱ ክፍል የማን እንደሆነ ተጽፎበታል፦ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ። የሕዝቡ ድርሻ በካህኑና በዲያቆኑ ድርሻ መካከል ተጽፎ ተቀምጧል። «ማንም የእኔን አይልልኝም» ይሉ ነበር አያቴ፣ እግራቸው ሲያማቸው ቤት ይቅሩ ሲባሉ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ወንጌላውያን ወጣቶች ሆናችሁ ሳለ ይህን የማነሣው፣ በእኛ አዳራሽ ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ይህ «ይበል ሕዝብ» የሚለው ቃል በመሆኑ ነው። ስላልተጻፈ ቀስ በቀስ ጠፍቶ ሲያልቅ ማንም አያውቅም።

ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። በአራተኛው ክፍለ ዘመን በሎዶቅያ የተሰበሰበ ጉባኤ ከተሾሙት መዘምራን በቀር ሌላ ሰው በቤተ ክርስቲያን እንዳይዘምር ደንግጓል። ሥርዓት ለማስያዝ አስበው ይሆናል። በምዕራቡ ዓለም ዝማሬው ለብዙ ዘመን በአብዛኛው የካህናትና የመዘምራን፣ ቋንቋውም ላቲን ሆኖ ቆየ። በ1524 እ.ኤ.አ. የሉተር ወገኖች በጀርመንኛ ያሳተሟት የመጀመሪያ የመዝሙር መጽሐፍ ስምንት መዝሙር ብቻ ነበራት። ስምንት! እናንተ ስልካችሁ ላይ ስንት መዝሙር አለ? ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቃቸው ስምንት መዝሙሮች ከምንም ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ።

መጀመሪያ ኪዩን፣ መዝሙሩ የሚነሣበትን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ አድርጉት። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። አንድ ሶሎ ዘማሪ አልበም ሲቀርጽ ድምፁ በሚያምርበት ከፍታ ይቀርጻል፤ እኔም ስቱዲዮ ውስጥ «ግማሽ ድምፅ ከፍ እናድርገው» ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፣ ለአልበም ልክ ነው። እናንተ ግን መዝሙሩን ከአልበሙ ከነኪዩ አንሥታችሁ እሁድ ታመጡታላችሁ። ያልሠለጠነ ሰው ሳይጨነቅ የሚዘምረው በግምት ከታችኛው ላ እስከ ላይኛው ሬ ነው፤ ወንዱ በራሱ፣ ሴቷ ከእሱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላ። አዝማቹ ሶል ላይ የሚወጣ ከሆነ ጎልማሳው አባት የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ይላል። ተቆጥቶ አይደለም፣ አልደረሰበትም። ኪቦርዱ ላይ ኪዩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፖዝ የሚል ቁልፍ አለ፣ ተጠቀሙበት። በመጨረሻው ዙር ሞቅ እንዲል ግማሽ ድምፅ ከፍ የማድረግ ልማዳችሁንም ተዉት፤ የሚሞቀው መድረኩ ነው፣ ወንበር ላይ ያለው ሰው በዚያች ደቂቃ ይወድቃል።

ሁለተኛው የእኔው ጥፋት ነው፤ የድምፁ ብዛት። ከዚያች እሁድ በኋላ መለኪያ ገዛሁ። አዳራሻችን መካከል ላይ ሳነብ መቶ ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነበር። በሥራ ቦታ የጆሮ ጥበቃ መመሪያ ብዙዎች የሚከተሉት ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት መቶ ላይ የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ እኛ አንድ ሰዓት እንዘምራለን፣ ሕፃናት ደግሞ ከፊት ስፒከሩ ሥር ይቀመጣሉ። የጆሮው ጉዳት አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚያሳዝነው ግን ሰው የራሱን ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር መዘመሩን መተዉ ነው። ለምን ይዘምራል? ቢዘምር ባይዘምር የሚለወጥ ነገር የለም። ስለዚህ ሚክሰር ላይ የምትቀመጡ ልጆች፣ ከወንበራችሁ ተነሡና በዝማሬ መካከል አዳራሹን ዙሩ። መካከል ላይ ቁሙ። አጠገባችሁ ያለችውን ሴት ድምፅ ካልሰማችሁ ተመልሳችሁ ቀንሱ። አምልኮ መሪው ይቆጣል። ይቆጣ።

በሁለተኛው ዙር አዝማች ላይ መሣሪያውን ሁሉ አቁሙና ሕዝቡን ብቻውን ተዉት፤ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ። የመጀመሪያው ወር ያሳፍራል፣ ድምፁ ቀጭን ነው። እኛ ጋ በሦስተኛው ወር ገደማ ሰው እንደሚጠራ አውቆ መዘጋጀት ጀመረ።

ስለ አዲስ መዝሙር ብዙ አልልም። አዲስ ይምጣ፣ እንዲያውም እወዳለሁ፤ ግን የመጣው ለሦስት አራት እሁድ ይቆይ፣ ሰው ይያዘው። በሳምንቱ በሌላ አዲስ ከተካችሁት ሕዝቡ ለዘላለሙ እንግዳ ይሆናል። በአራት የተለያየ ድምፅ ተከፍለን ባለመዘመራችንም አትፈሩ። በትዝታና በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ያደገ ጆሮ አንዱን ዜማ ሁሉም አብሮ፣ እያንዳንዱ በራሱ ማዞሪያ ሲያዜመው የሚያገኘው ውበት አለ፤ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ድምፅ የለም።

በውጭ አገር ላላችሁም አንድ ቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ልጄን ልጠይቅ ሄጄ በአንድ የአማርኛ ጉባኤ ላይ ቃላቱ በስክሪን በፊደልም በላቲንም ተጽፈው አየሁ። አጠገቤ የነበረው የልጅ ልጄ ፊደል አያነብም፤ በላቲኑ እየተከተለ ከእኔ ጋር ዘመረ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ላቲኑ ቋንቋውን ያስጠፋል ብለው ይከራከራሉ። ፊደሉን አስተምሩ፣ ግን እስኪማር ድረስ ልጁ ዝም ብሎ አይቁም።

«ድምፅ የለኝም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ለአርባ ዓመት የሰው ድምፅ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ለአልበም የማይሆን ብዙ ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ለጉባኤ የማይሆን ድምፅ ግን አልገጠመኝም።

ባለፈው ዓመት አንድ የጎረቤቴ ልጅ አርፎ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች በርከት ብለው መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ኪቦርድ የለም፣ ስክሪን የለም። እናትየው «እስኪ ዘምሩልኝ» አለች። አዝማቹን ጥሩ አድርገው ዘመሩት። ስንኙ ጋ ሲደርሱ ተያዩ፤ ጥቂቶቹ ስልካቸውን አወጡ፣ ኔትወርክ አልነበረም። አዝማቹን አራት ጊዜ ደጋግመው ቆሙ። እናትየው ራሷ ስንኙን ቀጠለች፣ በተሰበረ ድምፅ፣ ብቻዋን። ልጇ የሞተባት እሷ፣ የምታጽናናውም እሷ ሆነች። ልጆቹ ሲወጡ ደጅ ላይ አገኘኋቸው። አልተቆጣኋቸውም፤ በእኔ ስፒከር ሥር ያደጉ ናቸው።

ከእነሱ መካከል ሦስቱ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቤቴ ይመጣሉ። መሣሪያ የለም፤ ቡና አለ። ስንኙን እስከ መጨረሻው በቃል እንይዛለን፣ አንድ መዝሙር ለሁለት ሳምንት። ባለፈው ሐሙስ ታናሽየዋ አውራጅ ሆና ስትጀምር ከፍ አድርጋ አነሣችው። ግማሽ ስንኝ ሄደችና ቆመች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባለቤቴ አየች፣ ባለቤቴ ከፍ ሲል አትችልምና። ዝቅ አድርጋ እንደገና ጀመረች።