«ሙድ ያዙብኝ»፦ ቃሉ ከእንግሊዝኛ፣ ሐረጉ ከአማርኛ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬ በድርሰቱ ውስጥ «አዲስ ጫማ አድርጌ ስወጣ የሰፈር ልጆች ሙድ ያዙብኝ» ብሎ ጻፈ። የሥራ ባልደረባዬ «ሙድ» የሚለውን በቀይ ሰርዘው «ስሜት» ብለው ተኩበት። «ሙድ በእንግሊዝኛ ስሜት ማለት ነው፤ ልጁ ባዕድ ቃል ማምጣቱ ሳያንስ ትርጉሙንም አበላሽቶታል» ይላሉ። እርማቱ ትክክል ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ እርማቱ ትክክል አይደለም። ልጁ «ሙድ ያዙብኝ» ያለው ቀለዱብኝ፣ አሾፉብኝ ለማለት ነው። «የሰፈር ልጆች ስሜት ያዙብኝ» የሚል አማርኛ የለም፤ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ቢያነበው ምን ለማለት እንደተፈለገ አይገባውም። ባልደረባዎ የቆሙበት ሐሳብ፣ ማለትም የተዋስነው ቃል ትክክል የሚሆነው በአበዳሪው ቋንቋ የነበረውን ትርጉም ሲጠብቅ ብቻ ነው የሚለው፣ ለብዙ ዓመታት ስሟገተው የኖርሁት ሐሳብ ስለሆነ መልሴ ቢረዝም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ «ሙድ» በእንግሊዝኛም አንድ ትርጉም ብቻ ይዞ የተቀመጠ ቃል አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ አእምሮን፣ መንፈስን፣ ወኔን፣ አልፎ ተርፎም ትዕቢትን ይገልጽ ነበር። ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ሙት» ዛሬም ድፍረት ማለት ነው፤ ጎቶች በሚባሉት የጥንት ጀርመናዊ ነገዶች ቋንቋ ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ ቃል ቁጣን ያመለክት ነበር። ከአንድ ሥር ወጥተው አንዱ ወደ ቁጣ፣ አንዱ ወደ ጀግንነት፣ አንዱ ወደ ጊዜያዊ የልብ ሁኔታ ሄደዋል። በእንግሊዝኛ የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ «ሙድ» የሚባለው፣ እኛ «ዘንድ አንቀጽ» እና «ትእዛዝ አንቀጽ» እያልን የምንለያቸውን የግስ መልኮች የሚሰበስበው ስያሜ፣ ከዚህ ቤተሰብ ጋር የሥጋ ዝምድና እንኳ የለውም። እርሱ ልክ፣ መጠንና አኳኋን ከሚለው የላቲን «ሞዱስ» የወረደ ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በድምፅ ስለተቀራረቡ ወደ «ሙድ» ተስቦ የቀረ ነው። የዛሬዎቹ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣቶች ደግሞ በአንድ ሥዕል ሥር ይህችን ቃል ብቻዋን ጽፈው «እኔም እንደዚሁ ነኝ» ለማለት ይገለገሉባታል። ባለቤቶቹ ይህን ያህል ያገላበጡትን ቃል እኛ ሳንነካው እንድናኖር መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያ የላቲን «ሞዱስ» እኛም ዘንድ በሌላ በር ገብቷል። ከእርሱ የተወለዱት የፈረንሳይኛው «ሞድ»ና የጣሊያንኛው «ሞዳ» ፋሽን ማለት ናቸው፤ የልብስ ሰፊዎቻችን «አዲስ ሞድ ወጥቷል» የሚለው አነጋገርም የእነርሱ ወገን ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መከፈት እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በዘመናዊ ትምህርት ጎልቶ የቆየው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስም «ለገሃር»ን አስከትሎ መጥቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው ወረራ «ፒያሳ»ንና «መርካቶ»ን ትቶልን ሄደ። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን የበላይ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ወጣቶች «ሙድ ያለው አለባበስ» ሲሉ የምሰማው ቃል፣ በእኔ እምነት፣ በሳብዕ «ሞ» የሚጻፈው አሮጌው «ሞድ» በእንግሊዝኛው ተጽዕኖ ወደ ካዕብ «ሙ» የዞረበት ነው። እኔ አለባበስን በተመለከተ ዛሬም በሳብዕ እጽፋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው በሳብዕ ሲለው ከሰማሁ ግን ቆይቻለሁ፤ ይህንን መካድ አልችልም።

ወደ ተማሪው ዓረፍተ ነገር ስንመለስ፣ ዋናው ማስረጃ ያለው «ያዙብኝ» በሚለው ግስ ላይ ነው። ከግሱ ጋር የተጣበቀችው «ብ» ድርጊቱ የሚከብድበትን ሰው ታመለክታለች፤ ዳኛ «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» ስንል ልዩነቱ ያለው በእርሷ ነው። አሁን የማፌዝ ግሶቻችንን ተራ በተራ ይመልከቱ፦ ሳቀብኝ፣ ቀለደብኝ፣ አሾፈብኝ፣ አላገጠብኝ፣ አፌዘብኝ፣ ተሳለቀብኝ፣ ተዘባበተብኝ። ከእነዚህ ወጣ ብሎ ያለ «ብ» የሚሄድ ቢኖር «ተረበኝ» ነው። «ሙድ ያዘብኝ» ሲመጣ ከዚሁ ሰልፍ ገብቶ ቆመ። ስምን ከ«ያዘ» ጋር አጣምሮ በሰው ላይ የሚደረግ ነገርን መግለጽም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ «ቂም ያዘብኝ» ከአያቶቻችን የወረስነው አነጋገር ነው። ቂሙን በልቡ የያዘው ሌላ ሰው ነው፣ የሚከብደው ግን በእኔ ላይ ነው። «ሙድ ያዘብኝ» ሲባልም ጨዋታውና ደስታው የያዡ ነው፣ ዕዳው የእኔ። እንግሊዝኛ ይህን ሐረግ አያውቀውም፤ ቃል በቃል ቢተረጎምለትም አይገባውም። የተዋስነው አንዲት ስም ብቻ ነው፤ ሐረጉን የሠራው የአማርኛ ሰዋስው ነው።

«የሰውየውን ሙድ፣ ማለትም የልቡን ሁኔታ፣ አጥንቶ መያዝና በእርሱ መጫወት ማለት ነው» የሚል ማብራሪያ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ላይ ላዩን ያማረ ነው፣ ሰዋስው ግን አይደግፈውም። የተያዘው የተቀለደበት ሰው ስሜት ቢሆን ኖሮ ባለቤትነቱና ተሳቢነቱ ተገልጾ «ሙዴን ያዘው» በተባለ ነበር። ያ ቅርጽ የምናገኘው ቃሉ በእውነት ስሜትን ሲገልጽ፣ «ሙዴን አጠፋው» በሚለው ዓይነት ነው። በማፌዝ ትርጉሙ ግን «ሙድ» አገናዛቢም «ን»ም ሳይጨመርበት፣ እንደ «ቂም» ራቁቱን ይቆማል።

ቃል ትርጉሙን ሲለውጥ ተበላሸ ለሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የማነሳው «አሪፍ» የሚለውን ነው። ይህ ቃል ዐዋቂ ከሚለው የዐረብኛ «ዓሪፍ» የመጣ ሲሆን በከተማ ልጆች አፍ ጥሩ፣ የሚያስደስት ማለት ሆነ። እንግሊዞች ደግሞ ጥሩ ለማለት «ናይስ» የሚሉት፣ አላዋቂ ከሚለው የላቲን «ኔስኪዩስ» ተነሥቶ ነው። አንዱ ከዕውቀት፣ ሌላው ካለማወቅ ተነሥተው ሁለቱም መልካም ከሚል ትርጉም ላይ ተገናኙ።

ስለዚህ ባልደረባዎ ትክክል ነው ያሉትን፣ «ሙድ»ን በስሜት ትርጉም መጠቀምን፣ እኔ ይበልጥ እቃወመዋለሁ። «ዛሬ የቡና ሙድ የለኝም» የሚል ሰው ስሰማ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም «ቡና አላሰኘኝም» የሚል፣ ለዚሁ ጉዳይ የተፈጠረ ግስ አለን። እንግሊዝኛ የልብን ሁኔታ በስም ሰይሞ ሰውየውን ባለቤት ያደርገዋል፤ አማርኛ ግን ስሜትን በሰው ላይ የሚደርስ ነገር አድርጎ በግስ ይናገረዋል፦ አሰኘኝ፣ ከፋኝ፣ ደበረኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ። ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ ሰውየው ተቀባይ ነው። «ሙዴ አይደለም» ስንል የምናጣው ይህን አገነባብ ነው። እርግጥ «አሰኘ» የሚገልጸው የአንድን ነገር ፍላጎት እንጂ ለሰዓታት የሚቆይን የልብ ሁኔታ ስላይደለ፣ በዚህኛው ቦታ «ሙድ» አንድ ክፍተት ሞልቷል ቢሉኝ አልከራከርም። ደስ ግን አይለኝም።

ለተማሪው የሚሰጡትን ምክር በተመለከተ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ «አላገጡብኝ» ይበል እል ነበር፤ በራሴ ጽሑፍ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። ይሁንና ሁለቱ ሐረጎች እኩል እንዳይደሉ አውቃለሁ። ማላገጥ ንቀት አለበት፤ «ሙድ መያዝ» ቀለል ይላል፣ ጓደኛ በጓደኛው ላይ ፊት ለፊት ያደርገዋል፣ የተያዘበትም ሰው አንዳንዴ ሳይነቃ ያልፋል። ልጁ የጻፈው ስለ ሰፈር ልጆችና ስለ አዲስ ጫማ ነው፤ ለዚያ የሚስማማው እርሱ የመረጠው ቃል ነው። በቀይ የተሰረዘው ይመለስለት፣ የተቀነሰ ነጥብ ካለም ይጨመርለት።