«ሰውየውስ የታለ?»

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ የሰው ፊት መሣል ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ወጣቶች ሲመጡ ስለ ቀለምና ስለ ብሩሽ ይጠይቁኛል። ስለ ማየት የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። ዛሬ ስለ እሱ ልጻፍላችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። አባቱ ብቸና አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ ሙት ዓመታቸው ደርሷል። የሰጠኝ ጥፍር የምታክል የመታወቂያ ፎቶ ናት። «ሱፍና ከረባት አልብስልኝ። ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ደግሞ አጥፋት» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ቆዳቸውን አለሰለስኩ፣ ጠባሳዋን አጠፋሁ፣ ከረባቱን አሳመርኩ። ኮራሁም።

ሥዕሉን ሊወስድ ሲመጣ እናቱን ይዞ መጣ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ብዙ ቆሙ። ከዚያ «ልብሱስ ያምራል። ሰውየውስ የታለ?» አሉ።

መግቢያ ጠፋኝ። ወንበር አቀረብኩላቸውና እየጠየቅኋቸው ይነግሩኝ ጀመር። የባላቸው ግራ ዓይን ከቀኙ ጠበብ ይላል፤ ሲያርሱ ፀሐዩን የሚከላከሉት እሱን ጨፈን አድርገው ነበር። ሰው ሲያዳምጡ አገጫቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይቀብራሉ። ጠባሳዋ በልጅነታቸው በሬ የወጋቸው ናት። እንደ አዲስ ጀመርኩት። ሁለተኛውን ሲያዩ እማማ ምንም አላሉም። ጠጋ ብለው ጋቢውን ሊያስተካክሉላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ልከለክላቸው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳላወያይ አልሸኝም። ፎቶ አትጠቀሙ አላልኩም፤ እኔም እበላበታለሁ። ግን ስልክ ከቅርብ ሲያነሳ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። በሕያው ሰው ፊት ተቀምጦ ያልሣለ ልጅ ይህን ስሕተት አያውቀውም። እንዳለ ይገለብጠዋል።

ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። እኛ ጠይም እንላለን፣ የቀይ ዳማ እንላለን፣ ጥቁር እንላለን። አንዱንም ከቱቦ ጨምቃችሁ አታገኙትም። ጀማሪ ጥላውን በጥቁር ቀለም ይሞላዋል፤ ፊቱ ጥቀርሻ የነካው ይመስላል። ጠይም ሰው መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ግንባሩን እዩ። ሰማዩ እዚያ ላይ ሰማያዊ ጥሎበታል። ጉንጩ ሥር ቀይ አለ፣ አገጩ ሥር አረንጓዴ የሚመስል ነገር አለ። ቡናማና ቢጫ አፈር ቀለም፣ ትንሽ ሰማያዊ፣ ነጭ በቁጠባ። ይህ ለብዙው የአገራችን ፊት ይበቃል። ሸራ ከተወደደባችሁ አቡጀዲ ወጥራችሁ ኮላና ነጭ ቀለም ቀቡበት። እኔ ለዓመታት የሠራሁት በእሱ ነው።

ደግሞ ጣና ሂዱ። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ፊት ቁሙ። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር። አንድ ፊት ሙሉ ሆኖ ሲያያችሁ ምን እንደሚሰማችሁ እዚያ ይገባችኋል። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ውስጥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እዚህ አገር የታወቀን ሰው መሣል ከውጭ የመጣ ነገር ነው ለሚላችሁ እሱን አሳዩት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ሸራ አትወጥሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ ለሚወጣ ኃላፊው አሠርቶኝ እስከ ዛሬ አልከፈለኝም። ሰውየው ሥዕሉን ሳሎኑ ሰቅሎታል፤ እሱ ምንም አያውቅም።

ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ካገኛችሁ አዲስ አበባ ያለው «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግቡ። ዕድሉ እስኪመጣ ግን አትቀመጡ። ዛሬ ማታ እናታችሁ ቡና ስታፈላ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። የከሰሉ ፍም ፊቷን ከታች ያበራዋል፤ ጉንጯና የዓይኗ ቆብ ቀልተው ይወጣሉ። ዝም በይ አትበሏት፣ ታውራ። በአቦል አጠቃላዩን ያዙ፣ በቶና ዓይኗን። በረካው እስኪወርድ ጊዜ አላችሁ።