ከፊርማው ቀጥሎ ያለውን ገጽ አንብቡ

ልጆቼ ሆይ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለፈው ሳምንት ካርቶኖቼን ሳስተካክል የፔሊንዳባ ስምምነት ቅጂ አገኘሁ፤ አፍሪካን ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ ቀጣና የሚያደርገው ውል ነው። ሕግ የምትማረው የጎረቤቴ ልጅ ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ አፍሪካ ቦምብ የላትም፤ ታዲያ ይህ ለምን አስፈለገ?» አለችኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሚመስለኝ ለሁላችሁም እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦምቡ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ፈረንሳይ የመጀመሪያ ቦምቧን ያፈነዳችው በፌብሩዋሪ 1960 በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ሬጋን በተባለ ቦታ ሲሆን፣ እስከ 1966 ድረስ በዚያች አገር 17 ሙከራዎች አድርጋለች። ደቡብ አፍሪካም ስድስት ቦምቦች ሠርታ በኋላ ራሷ አፈራርሳቸዋለች፤ ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ይህን ለፓርላማቸው የገለጹት በ1993 ነው። ውሉ የተሰየመበት ፔሊንዳባም ፕሪቶሪያ አጠገብ ያለው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ነው።

አገራችንም ከዳር ሆና የተመለከተች አይደለችም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኖቬምበር 1961 የኒውክሌር ጦር መሣሪያን መጠቀም ከድርጅቱ ቻርተር ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ያወጀው በኢትዮጵያ አነሳሽነት ነበር። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማና አጽድቃ ሳለ በወገኖቻችን ላይ ጋዝ ማዝነቧን የሚያስታውስ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ይህን አዋጅ ከዚያ መከራ ለይቶ ማየት ይከብደዋል።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች አህጉሪቱ ከኒውክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ እንድትሆን በ1964 ካይሮ ላይ አወጁ፤ የውሉን ጽሑፍ ግን ያጸደቁት በጁን 1995 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1996 ካይሮ ላይ ተፈረመ። በወጣትነቴ ባዘጋጀሁት አንድ ሪፖርት ላይ «ፈርሟልና ይገደዳል» ብዬ ስለ ሌላ ውል ጽፌ ነበር፤ አለቃዬ «ፈርሟል» የሚለውን ቃል በቀይ እርሳስ ከብበው ከጎኑ «አጽድቋል ወይ?» ብለው መለሱልኝ፤ እንዲህ ያለ ውል አገርን የሚያስገድደው በፊርማ ብቻ ሳይሆን አገሩ ሲያጸድቀው ነውና። ያን ዕለት ያፈርኩት ዛሬም ይሰማኛል። ፔሊንዳባ 28ኛው የማጽደቂያ ሰነድ ገብቶ በሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 15 ቀን 2009 ነው፤ ከፊርማው ከ13 ዓመት በኋላ።

ስለዚህ ውል ስታነቡ ከአንቀጾቹ ይልቅ አባሪ ፕሮቶኮሎቹ ላይ ቆዩ፤ ቦምብ ያላቸው አገሮች የቀጣናውን አገሮች በኒውክሌር ላለማጥቃትና ላለማስፈራራት ቃል የሚገቡት እዚያ ነው። የላቲን አሜሪካውን የ1967 የትላቴሎልኮ ውል አምስቱም የኒውክሌር ኃያላን፣ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ቻይና፣ በፕሮቶኮሉ አጽድቀውለታል። በ1995 ለተፈረመው የደቡብ ምሥራቅ እስያው የባንኮክ ውል ግን ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላም አንዳቸውም አልፈረሙለትም። የእኛን ፕሮቶኮል አሜሪካ በ1996 ፈረመች፤ አላጸደቀችም።

ቅጂውን ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ቀይ እርሳስም ጨመርኩላት።