ዕቅድ አይሆንልኝም ለምትሉ፦ የበልግን ጓሮ በበዓላት ስለ መምራት

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአትክልት ልማት ሙያ ነው፤ መጀመሪያ በምርምር ጣቢያ፣ ኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ጓሯቸውን ማልማት የሚፈልጉ ሰዎችን በማማከር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የጎረቤትና የዘመድ ልጆች እየመጡ ይጠይቁኛል፤ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጠያቂዎቼ በዝተዋል። አብዛኞቹ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ተባይ የሚጠይቁኝ ይመስለኝ ነበር። ደጋግሜ የምሰማው ግን «ጓሮ መያዝ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ዕቅድ አይሆንልኝም፤ ጀምሬ እተዋለሁ፤ ቀኑ ያልፈኛል» የሚል ቃል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዲህ ለምትሉት ነው፤ ዝርክርክነትን እንደ ተፈጥሮ ጉድለት ቆጥራችሁ መልካም መሬት ስትተዉ ማየት ከልብ ያሳዝነኛልና።

እንደ ታዘብኩት፣ የበልግ ጓሮ የሚበላሽበት መንገድ ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም። የመጀመሪያው ዝናብ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ጠብ ሲል ልብ ይነሣሣል። ሰውየው ዘር መሸጫ ሄዶ ያየውን ሁሉ ይገዛል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን። ቅዳሜና እሑድን ግቢውን ሙሉ ሲቆፍር ውሎ ዘሩን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አረሙ ከዘሩ ቀድሞ መደቡን ይሸፍናል፤ ዝናቡም እንደ በልግ ጠባዩ ታይቶ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ቲማቲም ማፍራት የሚጀምረው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ጭጋግና እርጥበት በሚበዛበት ወቅት ስለሆነ፣ ገበሬው «ምች መታው» የሚለው፣ ባለሙያዎች ደግሞ ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉንም ፍሬውንም ያጠቁረዋል። ሰውየውም «እጄ አያበቅልም» ብሎ ይደመድማል። እጁ ግን ምንም አልጎደለውም። የተሳሳቱት ሁለት ነገሮች፣ የጀመረበት ቀንና የመደቡ ብዛት ናቸው።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ፀደይ፣ ማለትም በልግ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ በልግን ከየካቲት እስከ ግንቦት ድረስ ይቆጥሩታል። የጓሮ ሥራ ከሁለቱም ቀድሞ በጥር ይጀምራል። ይህን ለመረዳት ከማዕዱ ተነሥታችሁ ወደ ኋላ መቁጠር አለባችሁ። ቲማቲምን እንውሰድ። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ባለው ደጋማ ቦታ፣ ብርቱው ክረምት ሳይደርስ ፍሬ ለማግኘት መልቀም መጀመር ያለበት በግንቦት መጨረሻ ነው። ችግኙ ወደ ቋሚ መደብ ከተዛወረ በኋላ ለለቀማ እስኪደርስ 90 ቀን ግድም ይፈልጋል፤ እንግዲያው የሚተከለው በየካቲት መጨረሻ ይሆናል። በችግኝ መደብ ላይ ደግሞ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ዘሩ የሚዘራው በጥር አጋማሽ ግድም ነው።

አሁን እነዚህን ቀናት ከበዓሎቻችን ጋር አስተያዩዋቸው። ከጥምቀት፣ ማለትም ከጥር 11፣ እስከ ዐድዋ ድል በዓል፣ እስከ የካቲት 23፣ ልክ 42 ቀን ነው፤ ስድስት ሳምንት ማለት ነው። ዘሩን በጥምቀት ሰሞን የዘራና ችግኙን በዐድዋ በዓል የተከለ ሰው፣ ግንቦት 23 ላይ ዘጠናው ቀን ይሞላለታል። ሁለቱም የመንግሥት ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት ስለሆኑ ተቀጣሪም ብትሆኑ እቤት ናችሁ፤ ልርሳቸው ብትሉ እንኳ ሰፈሩ አያስረሳችሁም። ዕቅድ አይሆንልኝም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ አጋዥ አላውቅም፤ ቀኑን ማስታወስ የእናንተ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የአገሩ ሥራ ይሆናልና። ለዚህ የሚያገለግለው ግን ቀኑ የማይናወጥ በዓል ብቻ ነው። ፋሲካም ሆነ ኢድ በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ ዘር አይታሰርባቸውም።

ድንችም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በዐድዋ በዓል የተተከለ ድንች ለሰኔ ሚካኤል፣ ሰኔ 12፣ 110 ቀን ግድም ስለሚሞላው ለቁፋሮ ይደርሳል። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች ካገኛችሁ እነርሱን ምረጡ። የዘር ድንቹን በጥር ወር ጨለማ ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጨለማ ውስጥ የሚያወጣው ጎንቁል ነጭ፣ ረጅምና ተሰባሪ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው፣ ነገር ግን ብርሃን በሚያገኝ በረንዳ ላይ አንድ ረድፍ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ ያን ጊዜ አጭርና ወፍራም ጎንቁል ያወጣል፤ ሲተከልም አይሰበርም።

ባንክ ቤት የምትሠራ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ አለች። የጓሮ ዕቅዷን በስልኳ ትይዝ ነበር፤ ማሳሰቢያው የሚጮኸው ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ሳለ ስለሆነ ታጠፋዋለች፤ ማታ ደግሞ ትረሳዋለች። ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዘመን መቁጠሪያ አውርደን፣ በጥምቀት ሥር «ቲማቲም ዝሪ»፣ በዐድዋ ሥር «ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮት»፣ በሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሥር «የመጨረሻ ሰላጣና ቆስጣ»፣ በሰኔ 12 ሥር «ድንች ቁፋሪ» ብለን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍንና መልሰን ሰቀልነው። ሌላ ሰነድ የላትም። ቡና በተፈላ ቁጥር ያንን ወረቀት እናቷም እኅቷም ያዩታል፤ የዘነጋችው እንደሆነ ከእነርሱ አንዷ ታነሣዋለች። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ከመደቧ የለቀመችውን ቲማቲም በሳህን ይዛልኝ መጣች።

ስለ መደቡ ብዛት የምነግራችሁን ደግሞ በጥንቃቄ ስሙኝ፤ ብዙ ወጣቶች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። የጓሯችሁን ስፋት የሚወስነው የግቢያችሁ ስፋት አይደለም፤ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ልታጠጡት የምትችሉት ውሃ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በበልግ ፀሐይ ደጋ ላይ ያለ አትክልት በቀን አራት ሚሊ ሜትር ግድም ይፈልጋል። እንግዲህ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ዝናብ በጠፋበት ቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ይጠጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከቤት ፍጆታ ተርፎ በቀን ሁለት ጀሪካን የሚገኝ ከሆነ የእናንተ ጓሮ ሁለት መደብ ነው። ሦስተኛውን አትቆፍሩ። የአትክልት እጣቢና የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይጨመርበታል ብላችሁ ብታስቡ እንኳ በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት አትለፉ። ወርዱን ከአንድ ሜትር የማታሳልፉት ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሐሉን እንዲደርስና አፈሩን እንዳትረግጡት ነው። ሁለት መደብ የያዘ ሰው አረሙን በየሳምንቱ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ስድስት የያዘ ሰው ግን አንድ ሳምንት ከዘለለ ሥራው ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጓሮ መውጣቱ ራሱ ያስጠላዋል።

ከመዝራት በፊት ዘሩን ፈትሹ። ብዙዎቻችሁ መሳቢያ ውስጥ ካቻምና የተገዛ ፓኬት አላችሁ። የቲማቲምና የጎመን ዘር በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ጥቂት ዓመታት ይቆያል፤ የሽንኩርት ዘር ግን ዓመት ከሞላው ብዙውን ጊዜ አይታመንም። ፍተሻው ቀላል ነው። ዐሥር ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ላይ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ ደርድሩ፤ ጨርቁን ጠቅልላችሁ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉና ሙቀት ያለበት የወጥ ቤት ጥግ አስቀምጡት። ቲማቲም በሳምንት ግድም ነጭ ሥር ያወጣል፤ ቃሪያና ካሮት እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ። ስምንትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝሩት፤ ከአምስት እስከ ሰባት ከሆነ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ዝሩት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ጣሉት። ፍተሻውን በገና ሰሞን፣ ታኅሣሥ 29 ብትጀምሩት የቲማቲሙ ውጤት ለጥምቀት ይደርሳል፤ ዘሩ የማይረባ ቢሆን እንኳ አዲስ ለመግዣ ጊዜ ይኖራችኋል።

ስለ ካሮት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጀማሪ የሚያዝንበት አትክልት ነውና። ካሮት ችግኙ ተነቅሎ አይተከልም፤ ሥሩ ሲነካ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ድንጋይ በበዛበት ወይም ያልተብላላ ፍግ በገባበት አፈር ላይም እግር አውጥቶ ይበቅላል። በጣት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መስመር አውጡ፤ ዘሩን በስሱ በትኑ፤ አፈር አልብሱና ከላዩ ጥቂት ጭድ ጉዝጓዝ አድርጉበት፤ አለዚያ አፈሩ ቅርፊት ሠርቶ ቀጭኑን ቡቃያ ያፍነዋል። ቡቃያው ሲታይ ጭዱን አንሡለት። ቅጠሉ ጣት ሲያህል ደግሞ ማሳሳት አለባችሁ፤ በአንዱና በሌላው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ድረስ ደህና የሚመስለውን ሁሉ ንቀሉ። ወጣቶች እዚህ ላይ ይራራሉ፤ የራሩለት ካሮት ግን እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቀኑ ያልፋችኋል። አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ማለፉን ከወዲሁ በዕቅዱ ውስጥ አስገቡት። በጥምቀት ሰሞን ቲማቲም ሳትዘሩ የቀራችሁ እንደሆነ በየካቲት አትዝሩ። በዐድዋ ሰሞን ከታመነ ችግኝ ጣቢያ የደረሰ ችግኝ ግዙ፤ እርሱም ካለፋችሁ ቲማቲሙን ለዘንድሮ ተዉትና በመደቡ ላይ ቆስጣ ዝሩ። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና የሐበሻ ጎመን ቀን ላለፈው ሰው የተሠሩ አትክልቶች ናቸው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በማናቸውም ሳምንት ቢዘሩ ያሳፍራሉ ብዬ አልፈራም። ቆስጣና ሰላጣ በሁለት ወር ግድም ለማዕድ ይደርሳሉ፤ የቆስጣውንና የጎመኑን የውጭ ውጭ ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ለረጅም ጊዜ ትበላላችሁ። ሰላጣን ደግሞ ፓኬቱን በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አጭር መስመር ይበቃል። ያለፈውን ሥራ ወደሚቀጥለው ሳምንት እየገፋችሁ የምትሸከሙት ከሆነ ግን በሚያዝያ መጨረሻ ያልተሠራ ሥራ ክምር ይዛችሁ ትቆማላችሁ፤ ጓሮ የሚያስተውም ይኸው ክምር ነው። የበልግ ዝናብ ራሱ ዘግይቶ ሊገባ፣ አቋርጦም ሊሄድ ስለሚችል፣ ከዕቅዳቸው ውጭ ለመሆን የሚገደዱት ልማደኛ ገበሬዎችም ናቸው፤ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የወቅት ትንበያ የሚከታተሉትም ለዚህ ነው።

መዝገብ መያዝን በተመለከተ ደብተር ግዙ አልላችሁም፤ የምትይዙት አይመስለኝም። ስልካችሁ ግን ፎቶ ሲያነሣ ቀኑን ራሱ ይመዘግባል። በወር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ፣ ሁለቱንም መደቦች አንሡ። ይህ ለትዝታ ሳይሆን ለሰብል ፈረቃ ያስፈልጋችኋል። ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አፈር ውስጥ የሚቀመጠውን አጠውላጊ ባክቴሪያ ይጋራሉ። ስለዚህ አንዱ የነበረበት መደብ ላይ ሌላው ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ሊመለስበት አይገባም። ሁለት መደብ ብቻ ላለው ሰው ይህን ሙሉ በሙሉ መጠበቅ ያስቸግራል፤ የእኔ ምርጫ ሦስቱንም በአንደኛው መደብ ግማሽ ላይ ወስኖ፣ በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ግማሽ ማዛወር ነው፤ ሁለቱ መደቦች አራት ግማሽ ስላላቸው አራተኛው ዓመት ካለፈ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የት እንደ ነበሩ የሚነግራችሁ ፎቶው ነው።

በሰኔ 12 ድንቹን ካወጣችሁ በኋላ መደቡን ባዶ አታክርሙት፤ አረም ይወርሰዋል፤ የክረምቱም ጎርፍ አፈሩን ያጥበዋል። ለደጋ ነጭ ሽንኩርት የሚገባበት ወቅት ነው። አፈሩን ከቆፈራችሁ በኋላ በመሬት ውስጥ የቀሩትን ጥቃቅን ድንቾች ሁሉ ልቀሙ፤ በቅለው በሽታውን ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግራሉና። ነጭ ሽንኩርት ውሃ የሚተኛበት መሬት ስለማይወድ መደቡን ከመተላለፊያው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ትልልቆቹን ጥርሶች መርጣችሁ ሹል ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሏቸው፤ ትንንሾቹን ለወጥ ተዉአቸው።