የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማገዶ በማሽን መፍለጥ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ማገዶ እያስፈለጥሁ ለዳቦ ቤቶችና ለድግስ አቀርባለሁ። አብዛኛው እንጨቴ በደንገጎ በኩል የሚወርድ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ከቆላው ወገን ግራርና ፕሮሶፒስም ይመጣልኛል። በመጥረቢያ የሚፈልጡ አራት ሠራተኞች አሉኝ፤ ሥራው ግን ከአቅማቸው በላይ ሆኗል። አንድ በያጅ በዲናሞ የሚዞር ሾጣጣ ብሎን ያለው መፍለጫ ሊሠራልኝ ነው፤ ሲሞክረውም ጉማጁን በሁለት በሦስት ሰከንድ ሲሰነጥቀው አይቻለሁ። የእኅቴ ልጅ ግን በዘይት ግፊት ሽብልቅ እየገፋ የሚሰነጥቀውን ሃይድሮሊኩን ግዛ ይለኛል፤ እሱን ሳየው ዘገምተኛ ሆነብኝ። ያለኝ መብራት ሲንግል ፌዝ ነው። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ የእኅትዎን ልጅ ይስሙት። ሾጣጣው ብሎን ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ጥርሱ እንጨቱን እየሳበ ስለሚገባበት ገፊ እንኳ አይፈልግም። ነገር ግን እንጨት የሚስበው ጥርስ ጨርቅም ይስባል። ብሎኑ በደቂቃ 400 ጊዜ የሚዞርና ግርጌው ላይ 8 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቢሆን፣ የያዘውን ጨርቅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይጠቀልላል ማለት ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ሽርጥ አገልድሞ የሚሠራ ሰው ጫፉ አንዴ ከተያዘበት ማጥፊያውን ለመፈለግ ጊዜ አያገኝም፤ ቢያገኘውም ዲናሞው እንደጠፋ ወዲያው ቀጥ አይልም። እጅ ይጠብቃል የምንለው ጓንትም እዚህ ማሽን ላይ እጅን ጎትቶ የሚያስገባ ነው። ጉማጁ በሚገባ ካልተደገፈ ደግሞ በመሰንጠቅ ፈንታ አብሮ ይዞርና አጠገቡ የቆመውን ሰው ቅልጥም ይመታል።

ሃይድሮሊኩ ዘገምተኛ መስሎ የታየዎት አንዱ ጉማጅ የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ስላዩ ይመስለናል። ሥራውን ከጠዋት እስከ ማታ ልብ ብለው ቢከታተሉት፣ ጊዜ የሚበላው ግንዱን ከአይሱዙ ማውረዱ፣ በመጋዝ መቁረጡ፣ ጉማጁን ወደ መፍለጫው ማቅረቡና ፍልጡን መደርደሩ እንጂ ሽብልቁ እንጨቱ ውስጥ የሚቆይባቸው ሰከንዶች አይደሉም። ለመለኪያ ያህል፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት 16 ቶን ያህል ኃይል ይሰጣል፤ በደቂቃ 16 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ቢገጠምለት ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ 15 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቀጥ ብሎ ያደገ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሽብልቁ ጥቂት እንደገባበት ስለሚሰነጠቅ፣ ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ርቀት መሄድ አያስፈልገውም።

ይህን ፍጥነትና ይህን ግፊት በአንድ ጊዜ ልያዝ ካሉ ከ6 ኪሎ ዋት በላይ የሆነ ዲናሞ ስለሚያስፈልግ፣ በእርስዎ መስመር አይሆንም። ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ፓምፕ ይጠይቁ፤ ሽብልቁ ባዶውን ሲሄድ ብዙ ዘይት በዝቅተኛ ግፊት፣ እንጨቱ ሲጠነክርበት ደግሞ ጥቂት ዘይት በከፍተኛ ግፊት ስለሚገፋ 2.2 ኪሎ ዋት ዲናሞ ይበቃዋል። ዲናሞው ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኮረንት ስለሚስብ፣ ከቆጣሪው የሚዘረጋው ገመድ ቀጭን መሆን የለበትም። መብራት በየጊዜው የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ፣ ያንኑ ፓምፕ በትንሽ የቤንዚን ሞተር ማስኬድ ይቻላል።

በያጅዎ ይህንኑ ማሽን ሊሠራልዎ ይችላል፤ ዕቃውን ግን አብረውት ይምረጡ። ከገልባጭ መኪና የወረደ ሲሊንደር ቢያመጣልዎ አይቀበሉት፤ እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ በዘይት የሚገፋው ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲሆን የሚመለሰው በካሶኒው ክብደት ነው፤ ለእርስዎ የሚሆነው እንደ ሎደር ሲሊንደር በሁለቱም አቅጣጫ በዘይት የሚሄደው ነው። ሽብልቁን ከባሌስትራ መሥራት የሚቀናቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ብረቱ ስለት በመያዝ በኩል የሚታማ ባይሆንም፣ አስቀድሞ ሳይሞቅ ከተበየደ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ትርፍ ግፊትን የሚያስተነፍስ ቫልቭ የሌለውን ማሽን ግን በነፃ ቢሰጥዎትም ግቢዎ አያስገቡት።

ከመሣሪያው ይልቅ ጣት የሚያስቆርጠው አሠራሩ ነው፦ አንዱ ጉማጁን ይዞ ሌላው ማንሻውን ሲገፋ። በአውሮፓ ደረጃ የሚሠሩ የሽብልቅ መፍለጫዎች የሠራተኛው ሁለት እጆች መቆጣጠሪያው ላይ ካልሆኑ የማይንቀሳቀሱት ለዚህ ነው። ሥራ ለማፋጠን ብሎ አንዱን ማንሻ በሽቦ የሚያስር ሠራተኛ አይጠፋም፤ ባዩት ጊዜ ሥራውን ያስቁሙ። ጉማጁን ያስቀመጠው ሰው ራሱ ማንሻውን ይግፋ፤ ሌሎቹ ያቅርቡለት፣ ይደርድሩለት። የጉማጁ ሁለት ጫፎች ቀጥ ተደርገው ካልተቆረጡ ግፊቱ ሲበረታ እንጨቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ስለዚህ መጋዙ ላይ ያለው ሠራተኛ ጥንቃቄ የመፍለጫውን ሠራተኛ ይጠብቀዋል።

ሙቀቱ ዘይቱን ስለሚያቀጥነው ድሬዳዋ ላይ ቁጥር 68 የሃይድሮሊክ ዘይት ይሻላል፤ ሐረር ቢሆን 46 ይበቃ ነበር። ታንኩን ጥላ ሥር ያድርጉት። ቱቦው ዘይት የሚያንጠባጥብ ከመሰለዎ ቀዳዳውን በእጅ ዳብሶ መፈለግ ክልክል ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በዚያ ግፊት ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ከመርፌ ውጊያ የማይበልጥ ቢመስልም ሰውየው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት። ፍሳሹን ለመፈለግ ካርቶን ያሳልፉበት፤ ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይ ካርቶኑ ይረጥባል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ባሕር ዛፉን እርጥቡን ይፍለጡት። ጭረቱ የተጠላለፈ ስለሆነ ከደረቀ በኋላ ለ16 ቶንም ያስቸግራል፤ እርጥቡ ሲፈለጥ ደግሞ ቅርፊቱ የዘጋበት ውስጡ ለአየር ስለሚጋለጥ ቶሎ ይደርቃል። አንጓ የበዛበትን ግራር መሐል ለመሐል ከመታገል ከዳር ከዳሩ እየላጡ መሄድ ይቀላል። ፕሮሶፒስ ጠንካራና ጠማማ፣ ብዙውም ቀጭን ነው፤ የክንድ ውፍረት ያለውን ቆርጦ እንዳለ መሸጥ እንጂ መፍለጫ ላይ ማውጣት ትርፍ የለውም። እሾሁ ግን መጋዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ይመልመል።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ፍልጥ የምገዛው በኪሎ ነው። ነጋዴው በማሽን ማስፈለጥ ከጀመረ ወዲህ እንጨቱ ጭስ በጭስ ሆኗል። የማሽኑ ዘይት ነክቶት ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ ዘይቱ በሲሊንደርና በቱቦ ውስጥ የታሸገ ስለሆነ ማሽኑ ካላፈሰሰ በቀር እንጨቱን አይነካውም። እንዲህ የሚያጨሰው እርጥበቱ ነው። በመጥረቢያ ሲፈለጥ ግንዱ ተራው እስኪደርስ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ይሰነብት ነበር፤ ማሽን ሲገባ ግን ትናንት የተቆረጠው ዛሬ ተፈልጦ ገበያ ሊወጣ ይችላል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በአየር በሚገባ የደረቀው የሚይዘው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ግማሹ ውሃ የሆነ 100 ኪሎ ፍልጥ 20 በመቶ እስኪቀረው ሲደርቅ 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ የቀረውን ሠላሳ ሰባት ኪሎ ተኩል የከፈሉበት ለውሃ ነው፤ ምጣዱ ሥር ያለው እሳትም ያንኑ ውሃ ሲያተን ይውላል።

ሲገዙ ሁለት ፍልጥ ያጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ነው። ጫፉ ላይ ከመሐል ወደ ዳር የሚሄዱ ስንጥቆችንም ይፈልጉ። ማረጋገጥ ከፈለጉ ጥቂት ፍልጦች በከሰል ምልክት አድርገው ይመዝኑ፣ ፀሐይ ላይ ያኑሯቸውና በየሳምንቱ ይመዝኗቸው፤ ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ደርቀዋል። በኪሎ መግዛትዎ የሚጠቅመው እርጥብ የሚሸጠውን ነው፤ እርጥቡን በጭነት ተዋውለው ቀደም ብለው ቢገዙና ራስዎ ቢያደርቁት ያዋጣዎታል። የጀጎል ግቢ ጠባብ ቢሆንም አንድ ግድግዳ ይበቃል፦ ድርድሩ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ይበል፣ ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ፣ ክዳኑም ከላይ ብቻ ይሁን እንጂ ጎኑ በላስቲክ አይታፈን። ለምጣድ የሚሆነው ከእጅ አንጓ የማይወፍረው ፍልጥ ስለሆነ፣ ነጋዴው በማሽኑ ደግሞ እንዲያሳንስልዎ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ገንደ ቆሬ። የሰንሰለት መጋዜ ሞተሩ ነከሰ። ቤንዚኑን የምቀላቅለው በተራ የመኪና ዘይት ነው። ምክንያቱ እሱ ነው?

መልስ፦ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሞተር የተለየ የዘይት ማጠራቀሚያ ስለሌለው የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ነው፤ ያም ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት መሆን አለበት። የብዙዎቹ አዳዲስ መጋዞች መጠን 50 ለ1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የእርስዎ አሮጌ ሞዴል ከሆነ ግን መጠኑን ከመመሪያው ወይም ከክዳኑ ላይ ያንብቡ። የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ነው፤ የራሱ ታንክ አለው፤ ቤንዚን በሞሉ ቁጥር እሱም ይሞላ።